ጉልቻው ሳይስተካከል ምጣድ አይጣድም
ልጆቻችን ኮምፒውተር ሲገጥሙ ወላጅ ምን ሊያይ ይገባል?

የትምህርት ዘመን ሲቃረብ ወይም ልጅ ከሠራዊቱ ሲሰናበት በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል። ልጁ «አባዬ፣ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል፤ ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ብገጥመው ይሻላል» ይላል። ወላጆች ገንዘቡን ያወጣሉ። አንዳንዱ ቤት 3 ሺህ፣ አንዳንዱ 4 ሺህ ሼኬል ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜም በታሽሉሚም፣ ከደመወዝ ላይ በየወሩ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው። ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ግን የልጁ ክፍል በር ይዘጋል። ወላጅም «እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ?» ብሎ ከነገሩ ይርቃል።

እኛ ግን ወላጅ መራቅ የለበትም እንላለን። ኮምፒውተር ሲገጠም ብዙ ገንዘብ ከሚያባክኑት ስሕተቶች አንዱ የሚፈጠረው በዓይን በሚታይ፣ በጣት በሚነካ ቦታ ላይ ነው። ይህም ማዘርቦርድ የሚባለው ትልቁ ሰሌዳ በብረቱ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠና እንደታሰረ ነው። ይህን ለማየት ፊደል መቁጠርም፣ ዕብራይስጥ ማወቅም አያስፈልግም። ምጣድ በጉልቻ ላይ አስተካክሎ የጣደ ሰው ሁሉ ሊያየው ይችላል።

ማዘርቦርድ ምንድን ነው?

በዕብራይስጥ «ሉዋሕ ኤም» ይሉታል፤ «እናት ሰሌዳ» ማለት ነው። ስሙ እንደሚለው የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰበሰቡት እሱ ላይ ነው። የሚያስበው ክፍል፣ ማስታወሻው፣ ሥዕል የሚያወጣው ካርድ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉም እዚህ ሰሌዳ ላይ ይሰካሉ። ሰሌዳው ራሱ «ማአራዝ» በሚባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሰሌዳው በመጠኑ የተለያየ ነው። ትልቁና የተለመደው ኤ ቲ ኤክስ ይባላል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ1995 ያወጣው ልክ ሲሆን ርዝመቱ 305፣ ወርዱ 244 ሚሊ ሜትር ነው። መካከለኛው ማይክሮ ኤ ቲ ኤክስ አራቱም ጎኑ 244 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው። ትንሹ ሚኒ አይ ቲ ኤክስ ደግሞ 170 በ170 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእንጀራ ሩብ ብዙም አይበልጥም።

ሰሌዳውን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የብየዳ ነጥቦች እንደ እሾህ ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። በብዙዎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ሳጥኑ ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሰሌዳው በቀጥታ ብረቱ ላይ ቢተኛ እነዚያ ነጥቦች በብረቱ በኩል እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ። እኛ «ኮንታክት» የምንለው፣ እስራኤላውያን «ቄጸር» የሚሉት ይህ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ከነጭራሹ ላይነሣ፣ ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ሊጠፋ ወይም ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል።

ጉልቻዎቹ

ይህ እንዳይሆን ሰሌዳው ከብረቱ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከፍ የሚያደርጉት ትንንሽ የናስ ወይም የብረት እግሮች ናቸው፤ ቁመታቸው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ጫፋቸው ሳጥኑ ላይ ይታሰራሉ፤ በሌላው ጫፋቸው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ጉልቻ ብለን እንጠራቸዋለን፤ ሥራቸው ያው ነውና።

ምጣድ በጉልቻ ሲጣድ ሦስቱም እኩል ካልሆኑ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቃሉ። ሊጡ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል፤ ምጣዱ ይዋልላል፤ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ሰሌዳውም እንዲሁ ነው። አንድ እግር ከጎደለ ያ ጎን ባዶ ላይ ይንጠለጠላል፤ ልጁ ካርድ ወይም ገመድ ሲሰካ ሰሌዳው ወደ ታች ይጎብጣል። ውስጡ እንደ ክር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ስላሉ ሲጎብጥ ሊበጠሱ ይችላሉ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ለምጣድ አራተኛ ድንጋይ በአጠገቡ ቢኖር ከማደናቀፍ በቀር ጉዳት የለውም። ለሰሌዳው ግን ትርፍ ጉልቻ ከጎደለ ጉልቻ ይብሳል። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ሥር የቆመ እግር እነዚያን የብየዳ ነጥቦች በቀጥታ ይነካል፤ ኮንታክቱም ከዚያ ይመጣል።

ይህ በተለይ የሚያጋጥመው በአሮጌ ሳጥን ነው። ልጁ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ያገኘው ሳጥን ውስጥ ቀድሞ መካከለኛ ሰሌዳ ነበረ እንበል። አሁን ትልቁን ሰሌዳ ሊያስገባ ነው። የመካከለኛው ሰሌዳ የታችኛው ረድፍ እግሮች ከትልቁ ቀዳዳዎች ጋር አይገጥሙም። ካልተነቀሉ ከትልቁ ሰሌዳ ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። በተቃራኒው ለትልቅ ሰሌዳ የተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ መካከለኛው ሲገባ የታችኛው ረድፍ እግር አልባ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ እግር ይኑር፣ ቀዳዳ በሌለበት አንድም እግር አይኑር።

ቀዳዳዎቹን መቁጠር ቀላል ነው። ትልቁ ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 9 ቀዳዳ አለው፤ መካከለኛው እስከ 8፣ ትንሹ 4። ልጁ ሰሌዳውን ከማስገባቱ በፊት ቀዳዳዎቹን ይቁጠር፤ ከዚያም ሳጥኑ ላይ የቆሙትን እግሮች ይቁጠር። ቁጥሩ መግጠም አለበት፤ ቦታውም መግጠም አለበት። በአንዳንድ ሳጥን መካከል ላይ ብሎን የማይገባበት፣ ሹል ጫፍ ያለው እግር ይገኛል። እሱ ሰሌዳው ቦታውን እንዲይዝ የሚመራ ነው፤ ጫፉ በመካከለኛው ቀዳዳ ይወጣል፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ብሎን ባይኖር ስሕተት አይደለም።

እግሮቹ ሳጥኑ ላይ በደንብ መጥበቃቸውም ይታይ። የላላ እግር ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮ ይሽከረከራል፤ በኋላ ሰሌዳውን ማውጣት ሲያስፈልግ ብሎኑ ከእግሩ አልላቀቅ ብሎ ያስቸግራል። በእጅ ካጠበቁ በኋላ በፒንሳ ትንሽ መጨመር ይበቃል።

ከማስገባት በፊት

ሥራው የሚሠራው በጠረጴዛ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ነው። ሳጥኑ ይጋደማል፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከግድግዳው ይነቀላል። በአገራችን እስራኤል ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ ወደ ሰሌዳው የሚደርሰው ግን ቢበዛ 12 ቮልት ነው። ኃይሉን የሚቀንሰው «ሳፓክ ኮዋሕ» የሚባለው የተዘጋ ሣጥን ነው። እሱን ማንም እንዳይከፍተው እናሳስባለን፤ ከግድግዳ ተነቅሎም እንኳ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

በክረምት የሱፍ ልብስ ስናወልቅ ጠጥ የሚል ትንሽ እሳት አይተን እናውቃለን። ያ ለሰው ምንም አይደለም፤ ለሰሌዳው ግን ጉዳት አለው። ስለዚህ ልጁ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ አይሥራ፤ ሰሌዳውን ከማንሣቱ በፊትም ቀለም ያልተቀባ የሳጥኑን ብረት በእጁ ይንካ፤ በየመካከሉም ይድገመው። ለዚህ የተሠራ የእጅ ማሰሪያም በዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ሰሌዳው በጫፎቹ ይያዝ እንጂ መካከሉ ላይ ጣት አይረፍ።

ቅደም ተከተልም አለው። የሚያስበው ክፍልና ማስታወሻው ሰሌዳው ገና ውጭ፣ በመጣበት የካርቶን ሳጥን ላይ ተኝቶ ሳለ ቢገጠሙ ይሻላል። እነሱን ለመሰካት ጫን ማለት ያስፈልጋል፤ ካርቶኑ ከሥር ሲደግፈው ሰሌዳው አይጎብጥም።

ከኋላ በኩል ደግሞ የመሰኪያ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ቆርቆሮ አለ። በብዙ ሰሌዳዎች እሱ ለብቻው ስለሚመጣ ከሰሌዳው በፊት ሳጥኑ ላይ መገጠም አለበት። የረሳው ሰው ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። ቆርቆሮው ሲገጠም ምላሶቹ ወደ መሰኪያዎቹ ውስጥ አለመታጠፋቸው ይታይ። ጠርዙም ስለት ስለሆነ ጣት እንዳይቆርጥ ጥንቃቄ ይደረግ።

ብሎኑን ማጥበቅ

ልጁ ብሎኖቹን ቆጥሮ በስኒ ውስጥ ያስቀምጣቸው። ሥራው ሲያልቅ የገባውና የተረፈው ተደምሮ መጀመሪያ ከተቆጠረው ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ብሎን ከጎደለ ከሰሌዳው ሥር ወድቆ ሊሆን ስለሚችል ሳይገኝ ኤሌክትሪክ አይሰካ።

ብሎኖች ቢመሳሰሉም ሁለት ዓይነት ጥርስ አላቸው፤ አንዱ ጥርሱ ሰፋ ያለ፣ ሌላው ደቃቅ ነው። ለእግሮቹ የሚስማማው ያለ ጭንቀት በጣት መዞር የሚጀምር ነው። ገና ሲጀመር የሚጠብቅ ከሆነ ወይ ዓይነቱ የተሳሳተ ነው ወይ ጠማማ ገብቷል፤ አውጥቶ መለወጥ ነው እንጂ በኃይል ማስገባት ጥርሱን ያበላሸዋል።

ሰሌዳው ከኋላው ቆርቆሮ ጋር ገጥሞ ቀዳዳዎቹ ከእግሮቹ በላይ ሲውሉ ሁሉም ብሎኖች መጀመሪያ ላላ ተደርገው ይገባሉ። አንዱን ወዲያው አጥብቆ መጨረስ ሰሌዳውን ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትተው ሌሎቹ ቀዳዳዎች አይገጥሙም። ሁሉም ከገቡ በኋላ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ እየተሻገሩ በየተራ ማጥበቅ ነው። የመኪና ጎማ ሲቀየር ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በዚህ ዓይነት ነው።

ኃይሉ ምን ያህል ይሁን? የእጅ ካቻቪቴ ይበቃል፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር አይያዝ። ብሎኑ ራሱ ቆመ ሲባል በጣቶች ኃይል ጥቂት ብቻ መጨመር ነው። ሰሌዳው እንዳይነቃነቅ እንጂ እንዲጨመቅ አይፈለግም። ካቻቪቴው ቢያመልጥ በአጠገቡ ያለውን ቀጭን መስመር ይቆርጣል፤ የዚያ ዓይነት ጭረት ደግሞ ሰሌዳውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል።

አንዳንድ ሰው «ብሎኑም ብረት ነው፤ ታዲያ እሱስ ኮንታክት አያመጣም?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ጥሩ ነው። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ብሎን እንዲነካቸው ታስበው የተሠሩ ቦታዎች አሉ። እነሱ ከሳጥኑ ብረት ጋር እንዲገናኙ የተደረጉ ናቸው፤ ስለዚህ በተገቢው ቀዳዳ የገባ ብሎን አይጎዳም። በዚህም ምክንያት ወረቀት ወይም ፕላስቲክ ከሥር ማድረግ አያስፈልግም።

ወላጅ በዓይኑ የሚያየው

አሁን የእናንተ ተራ ነው። ልጁ ጨርሻለሁ ሲል፣ የጎኑ ክዳን ሳይዘጋና ኤሌክትሪክ ሳይሰካ፣ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ያዙና እነዚህን አምስት ነገሮች እዩ።

አንደኛ፣ ብርሃኑን ከጎን አብሩ። በሰሌዳውና በሳጥኑ ብረት መካከል በሁሉም ጎን እኩል ክፍተት መታየት አለበት። በአንድ ወገን ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ከሆነ ምጣዱ ዘንበል ብሏል።

ሁለተኛ፣ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ከሹሉ መሪ እግር በቀር ባዶ የቀረ ቀዳዳ ካለ ለምን ባዶ እንደቀረ ልጁን ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ «ሌላ እግር ከሥሩ የለም ወይ?» በሉት። ሰሌዳውን ከማስገባቱ በፊት የሳጥኑን ፎቶ በስልኩ አንሥቶ ቢሆን መልሱ በቀላሉ ይታያል። ፎቶ እንዲያነሣ አስቀድማችሁ ንገሩት።

አራተኛ፣ ከኋላ በኩል እዩ። መሰኪያዎቹ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች መካከል በትክክል ይታያሉ ወይ? ገመድ ሲሰካባቸው ሰሌዳው ይነቃነቃል ወይ?

አምስተኛ፣ ስኒውን አምጣ በሉት፤ የብሎኖቹ ሒሳብ ይገጥም።

ይህን ስታደርጉ ልጁን እየተጠራጠራችሁት አይደለም። ሁለት ዓይን ከአንድ ይሻላል። ልጁም ሥራውን በቃላት ሲያስረዳ የረሳውን ራሱ ያገኘዋል።

ባይነሣስ?

ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያው ለአፍታ ዞሮ ከቆመ፣ ወይም ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ደጋግሞ መጫን አይገባም። ገመዱን ይንቀል። መጀመሪያ ሁለቱ የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች፣ ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳውና ብዙ ጊዜ ባለ 8 ቀዳዳው፣ እስከ መጨረሻ መግባታቸውን ይመልከት። ችግሩ ከዚያ ካልሆነ ሰሌዳውን ከሳጥኑ አውጥቶ በካርቶን ላይ አስተኝቶ መሞከር ነው። በካርቶኑ ላይ ሠርቶ ሳጥኑ ውስጥ እምቢ ካለ ጥፋቱ ከአቀማመጡ ሊሆን ይችላል፤ እግሮቹን እንደገና መቁጠር ያስፈልጋል። በሁለቱም ቦታ ካልሠራ ወደ ሻጩ መሄድ ነው።

ኮምፒውተሩ ወደ ሌላ ቤት ሲወሰድም ሰሌዳው ያለበት ጎን ወደ ታች ሆኖ ይጋደም። ከባድ ካርድ ቆሞ ሲሄድ በየመንገዱ ጉብታ ሰሌዳውን ይጎትተዋል።

ገንዘቡና ደረሰኙ

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፤ ሱቁ ይግጠመው ወይስ ልጁ? ሱቆች ለመግጠም፣ በዕብራይስጥ «ሃርካቫ»፣ ክፍያ ይጠይቃሉ። ክፍያው ሲታይ ትርፍ ወጪ ይመስላል። ነገር ግን ሱቁ ከገጠመው የአገጣጠሙም ኃላፊ እሱ ነው። ልጁ ከገጠመው ዕቃው ከፋብሪካ ተበላሽቶ ከመጣ ዋስትናው ይሸፍነዋል፤ የካቻቪቴ ጭረት፣ የተሰበረ ጥግ ወይም የተቃጠለ ነጥብ ከተገኘበት ግን ብዙ ጊዜ «የተጠቃሚ ጉዳት» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ራሱ የሚገጥም ልጅ ሰሌዳውን ከማሸጊያው ሲያወጣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ ያንሣ። ዕቃው ገና ከመጀመሪያው ጉድለት ካለበት ማስረጃችሁ ይኸው ነው።

ሱቅ ገጥሞ ሲሰጣችሁም ቤት ሳትደርሱ እዚያው ክዳኑን እንዲከፍቱና እንዲያበሩላችሁ ጠይቁ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሻጭ ገዢን ማሳሳት እንደማይችል ይደነግጋል። በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት ደግሞ ደንቡ ለሚሸፍናቸው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቹ ወይም አስመጪው ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ለማዘርቦርድ ብዙ አስመጪዎች ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይሰጣሉ። «ኣሕራዩት» የሚለው ወረቀትና «ሔሽቦኒት» የሚባለው ደረሰኝ ከካርቶኑ ጋር በአንድ ቦታ ይቀመጡ። በደረሰኙ ላይ «ኮምፒውተር» ብቻ ሳይሆን የሰሌዳው ስምና ሞዴል መጻፉን አረጋግጡ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለምትገዙ፣ ከርቀት የተደረገ ግዢ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞችና ከመጡ 5 ዓመት ላልሞላቸው አዲስ ገቢዎች ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ ጊዜው 4 ወር ነው። ለአንድ ደንበኛ ብቻ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ዕቃ ግን ከዚህ መብት ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ለእኔ ተብሎ የተገጠመውን መመለስ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከቤት ሥራ ወደ እንጀራ

ይህ ገጽ የሥራም ገጽ ስለሆነ ስለ ሙያው ጥቂት እንበል። ሰሌዳን በትክክል ማሰር የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው። ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የተባለው በብዙ አገር የሚታወቅ የጥገና የምስክር ወረቀት በሁለት ፈተና ይሰጣል፤ ዕቃ መግጠምና ብልሽት መፈለግ ከሚፈተኑት ውስጥ ናቸው። ከሠራዊት የተሰናበቱ ወጣቶች «ፒካዶን» የሚባለውን ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለሙያ ሥልጠና ማዋል ይችላሉ። ሥራ ፈላጊዎችም ስለ ሥልጠና በአካባቢያቸው ባለው የሥራ ማስያዣ ቢሮ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ቀጣሪ ፊት ሲቀርብ የሚጠቅመው «ኮምፒውተር እወዳለሁ» ማለት ብቻ አይደለም። «እግሮቹን ቆጠርኩ፣ ትርፉን ነቀልኩ፣ በተቃራኒ ጥግ አጠበቅሁ፣ ፎቶው እነሆ» የሚል ወጣት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በቤት የገጠመውን እያንዳንዱን ኮምፒውተር ፎቶ እያነሣ ቢያስቀምጥ የሥራ ማስረጃ ይሆነዋል።

በጎንደርና በትግራይ አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ግንበኞች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ማረሻው ከወገሉ ጋር በትክክል መግጠሙን፣ ማሰሮው አለመሰንጠቁን በዓይንና በጣት ይለዩ ነበር። ያ ዓይን ዛሬም በቤታችሁ አለ። ዕቃው አዲስ ቢሆንም የሥራ ጥራት የሚለየው በዚያው ዓይን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የልጃችሁ ክፍል በር ሲዘጋ አንኳኩና ግቡ፤ መብራቱን ያዙለት፤ ጉልቻዎቹን አብራችሁ ቁጠሩ።